ሳልናገር የሸጥኳት መኪና

ለሃያ ስድስት ዓመት ጋዜጠኛ ሆኜ የሌሎችን ሰዎች ነገር ስጽፍ ኖሬያለሁ። ስለ ራሴ ጽፌ አላውቅም፤ ይህንንም ወረቀት ላይ ለማስፈር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። የምነግራችሁ በአንድ ከሰዓትና በማግስቱ ጠዋት የሆነውን ነው። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እጽፋለሁ። እርግጠኛ ያልሆንኩበት ቦታ ስደርስ አላውቅም እላችኋለሁ።

በዚያን ጊዜ የአምሳ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ትውልዴ ግን ሸዋ ሮቢት። አባቴ ሲያርፍ የተወልኝ የአንዲት አሮጌ ፒክአፕ ግማሽ ነበር። ሌላው ግማሽ የሐጂ ሰዒድ ነው። ሁለቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሽንኩርትና ማሾ አብረው ነግደዋል፤ መኪናዋንም በጋራ ገዝተው በጋራ ነድተዋታል። በረመዳን አባቴ ይነዳል፤ ሁዳዴ ሲገባ ሐጂ ይቀበሉታል። ባዶ ሆድ መሪ አይጨብጥም ይሉ ነበር።

አባቴ ከሞተ በኋላ መኪናዋ ከሐጂ መጋዘን ጎን ግራር ሥር ቆመች። ሙቀቱ ጎማዎቿን ሰነጣጠቃቸው፤ ካሶኒዋ፣ ከኋላ ያለው የጭነት ቦታዋ ላይ፣ ዶሮ ዕንቁላል ጣለችበት። የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስጄ የሄድኩት ይህን ነገር ለመጨረስ ነው።

ሐጂ እንድትጠገን ፈለጉ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ መሪዋን በመዳፋቸው ዳብሰው፣ ይህ የባልንጀራዬ እጅ ያለሰለሰው ነው፣ ለማን እሰጠዋለሁ አሉኝ። እኔ ደግሞ እንድትሸጥ ነበር የምፈልገው። እሳቸው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ እኔ ሸዋ ሮቢት አልኖርም፤ የቆመ መኪና ደግሞ በቆመበት ያልቃል። በመጨረሻ ባዩ ያያትና እሱ ያለውን እናድርግ ተባባልን። ባዩ ከዋናው መንገድ ዳር ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ አባቴም ከእሱ ሌላ አያስነካትም ነበር።

ባዩ ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገባና ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። ሐጂ ለሶላት ሄደው ስለነበር ሲወጣ ያገኘው እኔን ብቻ ነው።

ሞተሩ ደህና ነው አለኝ። ችግሩ ፍሬኑ ነው። ወደ ኋላ ጎማዎች የፍሬን ዘይት የሚሄድበት ቱቦ በዝገት አልቆ ያፈስሳል። ለመቀየር ዕቃው ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት፤ መንገዱ በዚያ ሰሞን ሲከፈት ሲዘጋ ስለነበር ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ለጊዜው ቱቦውን ከመሃል ቆንጥጦ ደፍኖታል። ዘይቱ የሚሄደው ወደ ፊተኞቹ ሁለት ጎማዎች ብቻ ነው።

ይህን የማያውቅ አንባቢ ሊገርመው ይችላል። በእኛ ቆላ ግን የተለመደ አሠራር ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ካራቆሬ መንገዱ በአብዛኛው ሜዳ ነው፤ በግማሽ ፍሬን ዓመት የሚነዱ መኪኖች ሞልተዋል። ሰዉም ያውቃል፣ መካኒኩም ያውቃል፣ ሹፌሩም ረጋ ብሎ ይነዳል።

«ለሜዳ ትሆናለች» አለኝ ባዩ እጁን በቤንዚን እየታጠበ። «ጭነት ይዛ ቁልቁለት ከወረደች ግን ሁለቱ ፍሬኖች ይግላሉ፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ከዚያ በኋላ ፔዳሉን ብትረግጠው መሬት ነው የምትረግጠው። እኔን ከጠየቅከኝ ፍታትና በየብልቷ ሽጣት።»

የማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ። ገጹ ዛሬም አለኝ። «የኋላ ፍሬን ድፍን። ለሜዳ ብቻ። ባዩ» ይላል።

ለሐጂ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ትጠገን ይላሉ፤ ትጠገን ማለት ሦስት ሳምንት ነው፤ ከፈቃዴ የቀረው ደግሞ ሦስት ቀን ነበር። ሲመለሱ፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ ትሸጣለች ብሏል አልኳቸው። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው።

ገዢው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጌታሁን ይባላል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። መንጃ ፈቃድ አለው፤ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ የራሱን ለመግዛት በሬ ሁሉ ሸጧል። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ጆሮውን ደቅኖ አዳመጠ። ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞረባትና ሲመለስ መጋዘኑ ደጃፍ ሲደርስ ፍሬን በኃይል ያዘ። ባዶ ነበረች፣ መሬቱም ሜዳ ነው፤ ቀጥ ብላ ቆመች።

«በቅሎዬ እንኳ እንዲህ አትታዘዘኝም» አለ እየሳቀ።

እኔ የምኖረው በመጠየቅ ነው። ሰው ሊመልሰው የማይፈልገውን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ገልብጬ መጠየቅ እችላለሁ። ያን ቀን ጌታሁንን ምን ልትጭንባት ነው፣ የት ልትነዳት ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። ረስቼ አይደለም። መልሱን ካወቅኩ መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጽሑፍ የእኔ ሥራ ስለሆነ ሌላ ሰው አላስፈለገም። አድራሻውን ሲያስጽፈኝ ከጣርማ በር በላይ ያለች ቀበሌ ጠራልኝ። እስክሪብቶዬ ቆመ። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ጣርማ በር የወጣ ሰው ያን መንገድ ያውቀዋል። ጣርማ በር ላይ ካለው የመኪና ዋሻ ጀምሮ እስከ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲናም እስከ ቆላው ድረስ ቁልቁለት ነው፤ መታጠፊያ ላይ መታጠፊያ፣ በአንድ በኩል ተራራ በሌላ በኩል ገደል። እዚያ መንገድ ላይ የደረሱ አደጋዎችን ሄጄ ዘግቤያለሁ።

ቀበሌዋን ጻፍኩ። ከሥሩም ውል በተጻፈ ቁጥር የሚጻፈውን ጻፍኩ፦ «ገዢም መኪናዋን ባለችበት ሁኔታ አይተው፣ ወድደውና ፈቅደው ገዝተዋል።»

ሐጂ ከመፈረማቸው በፊት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ።

«ዓይቧን ነግረኸዋል?»

«አይቷታል፣ ነድቷታል» አልኳቸው።

«ማየቱንማ አየሁት። ጉድለቷን ማለቴ ነው። በእኛ ዘንድ የዕቃን ጉድለት ደብቆ የተሸጠበት ገንዘብ አይበላም።»

«ሁሉም ወረቀቱ ላይ አለ፣ ሐጂ።»

ፈረሙ። ጌታሁንም ፈረመ። ገንዘቡን ተቀብለን ቁልፉን ሰጠነው። ሲሰናበተን የሐጂን ትከሻ ሳመና፣ ነገ ገበያ አይደል፣ ጎረቤቶቼን ከነገብሳቸው ጭኜ እወርዳለሁ፣ ስመለስ ማሾ ትሸጡልኛላችሁ አለን። ከዚያ ወደ ዳገቱ ነዳት። ጀርባዋን እስክትጠፋ አየሁት።

ያን ምሽት ምን እንዳሰብኩ በትክክል አስታውሳለሁ። ሹፌር ነው፣ ፔዳሉ ይነግረዋል አልኩ። ባዩ ያካብዳል አልኩ። ውሉ ሕጋዊ ነው አልኩ። አራተኛ ምክንያት ስፈልግ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል አካባቢ በር ተንኳኳ። ሐጂ ናቸው፤ በነጠላ ጫማና በስስ ሸሚዝ፣ ሽርጣቸውን አገልድመው። ሱቅ ሊከፍቱ ሲሄዱ ባዩን መንገድ ላይ አግኝተውት፣ ያቺን መኪና ለማን ሸጣችኋት፣ የኋላ ፍሬኗን እኮ ደፍኜው ነበር ብሏቸዋል። አልተቀመጡም። አልጮሁም።

«ነግሮህ ነበር?»

«ነግሮኛል።»

እንደሚሰድቡኝ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ተነስ» አሉኝ። «ሳይወርድ እንድረስበት።»

ወደ ጌታሁን ስልክ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ደጋግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ደብረ ሲና ለማውቀው ሰው ደውዬ መኪናዋን ያስቁሙልኝ ብል የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ወዲያው ግን ክፉው ቁልቁለት ከደብረ ሲና በላይ መሆኑ ታየኝ። እዚያ የሚጠብቃት ሰው የሚያስቆማት ከገደሉ ከተረፈች በኋላ ነው።

መናኸሪያ ሄደን ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሚኒባስ አገኘን። ሐጂን እርስዎ ይቅሩ፣ ከላይ ብርድ ነው አልኳቸው። ሳይመልሱልኝ ገብተው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሃያ ደቂቃ ቆምን። ያን ሃያ ደቂቃ ሌላ ጊዜ ከጠበቅኳቸው ሰዓቶች ሁሉ ጋር አላወዳድረውም።

ከተነሳን በኋላ ሥራችን አንድ ሆነ፤ ከላይ የሚወርደውን መኪና ሁሉ ማየት። ሐጂ ዓይናቸው ደክሟል፣ ቀለም ግን ይለያሉ። መኪናችን ነጭ ስለነበረች፣ ነጭ ነገር ከሩቅ በተመለከቱ ቁጥር ጉልበቴን ይነኩኛል። የዱቄት መኪና ነው። አምቡላንስ ነው። ሌላ ፒክአፕ ነው፤ ሰዎች ላዩ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። እሷ አለመሆኗን ሳውቅም እፎይ አልልም። ያልመጣችው ለምን እንዳልመጣች አላውቅማ። ጌታሁን ገና አልተነሳም ይሆናል። ወይም ተነስቶ የሆነ ቦታ ቀርቷል።

አርማንያ የምትባለውን ከተማ አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ፣ አንድ መታጠፊያ ላይ ሰው ተሰብስቦ አየን። ሁሉም ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ወደ ገደሉ ያያል። እንዲህ የቆመ ሕዝብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ከሥሩ ምን እንደሚኖር አውቃለሁ። ሐጂ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ሹፌሩ ቀዝቀዝ አድርጎ በመስኮቱ ጠየቀ። በሬ ነው አሉት። ግጦሽ ፍለጋ ወርዶ ተንሸራቶ ነው፤ በገመድ ሊያወጡት ነው። አንዱ፣ ጎበዝ ከሆናችሁ ወርዳችሁ ሳቡ እንጂ ምን ታፈጣላችሁ አለን። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ፊቴ የሳቀ ይመስለኛል።

ከደብረ ሲና በኋላ ጭጋጉ ያዘን። ከፊታችን ሃያ እርምጃ አይታይም። የሚወርዱት መኪኖች መብራታቸው ብቻ ብቅ ይልና ያልፋል። ቢያልፈንም አናየውም አልኩ ለሐጂ። «እሱን ለአላህ ተወው፣ አንተ ዓይንህን አትክደን» አሉኝ። ሚኒባሱ እየተንፏቀቀ ዋሻው ውስጥ ገባና በላይኛው በኩል ወጣን።

መኪናዋ እዚያ ነበረች።

መንገድ ዳር ቆማለች። ጎማዋ ሥር ድንጋይ ተደርጎባታል። ካሶኒዋ ላይ የገብስ ጆንያ ተደራርቧል፤ ከጆንያዎቹ በላይ ጋቢ የተከናነቡ ሰባት ስምንት ሰዎች ተቀምጠዋል። ጌታሁን ገመድ ያጠብቃል። ጭጋጉ እስኪሳሳ ቆሞ ነበር፤ አሁን ሊነሳ ነው። ሚኒባሱን አስቁመን ወረድን። አበቃ ብዬ አሰብኩ።

ገና መጀመሩ ነበር።

ጌታሁን ሲያየን ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ፊቱ ጨለመ። ለምን እንደጨለመ የገባኝ መናገር ከጀመርኩ በኋላ ነው። የኋላ ፍሬኗ ተደፍኗል፣ ቁልቁለት አትችልም፣ አትውረድ፣ ገንዘብህን እንመልስልሃለን አልኩት። እሱ የሰማው የመጨረሻውን ነው።

«ማን ጨመረላችሁ?» አለኝ።

«ማንም አልጨመረም።»

«ጋሼ፣ እኔ ገበሬ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም። ትናንት ፈርመው ሸጡ። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ቆላ ሽማግሌ ይዘው ዳገት የወጡት ለእኔ ነፍስ አዝነው ነው? ትናንት አላዘኑም ነበር?»

የጠየቀኝ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። ሻጭ የተሻለ ዋጋ ሲያገኝ ሰበብ ፈጥሮ ውል የሚያፈርስበት ነገር በእኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ ጌታሁንም ይህን የሚያውቅ ሰው ነው። ደብተሬን አውጥቼ የጻፍኩትን አሳየሁት። አሁን መኪና ውስጥ ጽፈውት ይሆናል አለኝ።

ሐጂ ወደ ካሶኒው ተጠግተው ቀና አሉ። ቅዝቃዜው ድምፃቸውን ያንቀጠቅጠዋል።

«እናንተ ሰዎች፣ ወላሂ ፍሬን የላትም። ሸሽገን ሸጥንለት። ውረዱ።»

ሰዎቹ ተያዩ። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ቀድማ ተነሳች። የጌታሁን ሚስት አስካለ መሆኗን ያወቅኩት ሲቆጣት ነው። ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ ወይ አላት። እሷ በጆንያዎቹ ላይ ተንሸራታ ወረደች።

«እንዲህ ያለ ሽማግሌ በጠዋት በፈጣሪው ስም አይምልም» አለችው። «አንተ ደስ ያለህን አድርግ። እኔ በእግሬ እወርዳለሁ።»

የቀሩትም አንድ በአንድ ወረዱ። አንዱ ሽማግሌ እየወረደ፣ ለአንድ ጆንያ ገብስ ብዬ ገደል አልገባም አለ። ይህ ጌታሁንን ከሁሉ በላይ ያቆሰለው ይመስለኛል። ትናንት አገር ሰምቶለት መኪና የገዛ ሰው ዛሬ በራሱ መንደር ሰው ፊት የማትነዳ ነገር ተሸክሞ የመጣ ሆነ። ድንጋዩን ከጎማው ሥር በእግሩ ገፍቶ ጋቢና ገባ።

«ደብረ ሲና ደርሼ አሳያችኋለሁ» አለ።

ሐጂ በወዲያኛው በኩል በሩን ከፍተው ከጎኑ ተቀመጡ። ይውረዱ አላቸው። አልወርድም አሉት። መኪናዋ መንቀሳቀስ ስትጀምር በሩ ገና አልተዘጋም። እኔ ያን ጊዜ ያደረግኩትን ጀግንነት ብለው የነገሩኝ ሰዎች አሉ፤ አልነበረም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው በእኔ ውሸት ምክንያት እዚያ ውስጥ ተቀምጠው እኔ መንገድ ላይ መቆም አልቻልኩም፤ ያን ያህል ብቻ ነው። ዘልዬ ገባሁ። ሐጂ ወደ መሃል ተጠጉልኝ፣ በሩን ዘጋሁት።

ዋሻውን ጨርሰን ወደ ጭጋጉ ስንወጣ ጌታሁን ማርሹን ነጻ አደረገው። ሹፌሮች ሞርታ ይሉታል፤ ሞተሩ መኪናዋን ሳይዛት በራሷ ክብደት ትወርዳለች። ነዳጅ ይቆጥባል ብለው በዚያ ቁልቁለት ብዙዎች የሚያደርጉት ነው። ሙሉ ፍሬን ላለውም አደገኛ ነው።

«ማርሽ አስገባ» አልኩት።

«ነዳጁን እርስዎ ይሞሉልኛል?»

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ያዘ፤ ያዘችለት። ሁለተኛውም ላይ ያዘችለት። ዞሮ አየኝና ፈገግ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ባዩ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ውሸታም ሆኜ ለመገኘት ተመኝቼ አላውቅም።

ቀጥሎ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ጎማ ይመስላል፣ አይደለም። እዚያ መንገድ ላይ የተመላለሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጌታሁንም አወቀው፤ ፈገግታው ሲጠፋ አየሁ። እግሩን አነሳና እንደገና ረገጠ። ጉልበቱ ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ሄደ። ደግሞ ረገጠ። ደግሞ። ፔዳሉ ወለሉን ሲመታ ድምፁ ይሰማል።

የማርሹን ዘንግ ይዞ ወደ ሁለተኛ ሊያስገባ ታገለ፤ ፍጥነቱ በዝቶ ስለነበር ጥርሶቹ ተንጫጩ እንጂ አልገባም። የእጅ ፍሬኑ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የተበጠሰ ነው። ከኋላችን ጆንያዎቹ ሲንሸራተቱ ጋቢናውን ይገፉታል። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ሸሃዳቸውን ይሉ ነበር፤ ድምፃቸው ሱቅ ውስጥ ሒሳብ እንደሚቆጥሩበት ድምፅ የረጋ ነው። በግራችን ነጭ ጭጋግ አለ፤ ከጭጋጉ ሥር ምን እንዳለ ሦስታችንም እናውቃለን። ከፊታችን ሁለት ትልልቅ መብራቶች ወጡ። የጭነት መኪና ወደ ላይ እየመጣ ነው።

አንድ ሰው «ወደ ተራራው!» አለ። እኔ ልሁን ሐጂ ይሁኑ አላውቅም። በኋላ ጠይቄያቸው እሳቸውም አያውቁም።

ጌታሁን መሪውን ወደ ቀኝ ሰበረ። የቀኝ ጎማዎች የውሃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ወደቁ፤ የእኔ በር ከድንጋዩ ጋር ተፋተገ። ብረት ድንጋይ ላይ ሲሳብ የሚያሰማው ድምፅ ረጅም ነበር፤ የማያልቅ መሰለኝ። መስታወቱ ፊቴ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ የጆንያው ክምር ከኋላ ጋቢናውን መታና ቆምን።

የጭነት መኪናው ጡሩንባውን እያሰማ በግራችን አለፈ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። በጸጥታው ውስጥ ከተቀደደ ጆንያ ገብስ በጋቢናው ጣሪያ ላይ ሲፈስ ይሰማ ነበር።

ጌታሁን እጁን ከመሪው ማላቀቅ አልቻለም። እኔ ነኝ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያነሳኋቸው። ሐጂ በሕይወት አሉ፤ የትከሻ አጥንታቸው ግን ተሰብሯል። እኔ ፊቴና ክንዴ ተቆራርጦ ነበር። ሌላ የተጎዳ ሰው የለም። ካሶኒው ላይ ሰዎቹ ተቀምጠው የነበረበትን ቦታ አየሁ። ጆንያዎቹና ከላይ ያጎነበሰው ቋጥኝ ተጣብቀው ነበር፤ በመካከላቸው ክንድ አይገባም።

ከትንሽ ጊዜ በኋላ ሰዎቹ ከላይ እየሮጡ ደረሱ። አስካለ ልጇን ለሌላ ሴት ሰጥታ ወደ ባሏ ሄደች፤ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«ይህን የሚያውቁት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመሸጤ በፊት።»

ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ቃል አልተናገረችኝም። ነጠላዋን አስፋልቱ ላይ ዘርግታ የፈሰሰውን ገብስ ማፈስ ጀመረች።

ሐጂን በአንድ የጭነት መኪና ደብረ ሲና ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ክንዳቸው በጨርቅ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ሲያበቃ፣ ለምን እንደገቡ ጠየቅኳቸው።

«ሽማግሌ አሳፍሮ አይነዳም ብዬ ነዋ» አሉኝ። «ነዳ።» ሊስቁ ሞከሩና አመማቸው። እስኪያልፍላቸው ጠብቀው ቀጠሉ። «እኔ የባሰብኝ የእሱ አይደለም። አባትህ ቢሆን እዚያው መጋዘኑ ደጃፍ ይነግረው ነበር። አንተ ከእሱ ይልቅ ብዙ ተምረሃል፤ ለዚህ ነው ደግሜ ያልጠየቅኩህ።»

ውሉን እዚያው ፊታቸው ቀደድኩት። የጌታሁን ገንዘብ በዚያው ቀን ተመለሰለት፤ የፈሰሰበትንም ገብስ ተካንለት። መኪናዋን በሳምንቱ ባዩ ጎትቶ አውርዶ ፈታት። ሞተሩን ጌታሁን በነጻ ይውሰድ አልን፤ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ በኋላ ወሰደው። ከመውሰዱ በፊት ግን ባዩን ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠይቆታል። እኔን አልጠየቀኝም።

አሁን ደግሞ ለእናንተ፣ ለአንባቢዎቼ። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ይጠገን፣ ይሸጥ፣ ይፈታ እያለ ሲጨነቅ ስሰማ ምክር አልሰጥም፤ መካኒክ አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። የምታውቁትን ጉድለት ለገዢው በአፋችሁ ንገሩት፤ ዋጋው ይውረድ፣ ትቶት ይሂድ። «አይተው፣ ወድደውና ፈቅደው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሰው ገዢው ያላየውን ነገር ያውቃል ማለት ነው፤ ባያውቅ ለምን ይጽፈዋል?

በእኔ ላይ የተለወጠው ሥራዬ ነው። ያን ቀን አስካለ ሳትወርድ ብትቀር፣ ጭጋጉ ቀድሞ ቢሳሳ፣ ሚኒባሱ ሌላ አሥር ደቂቃ ቢቆም ኖሮ፣ ዜናው በማግስቱ ይነበብ ነበር። የሟቾች ብዛት ይገለጻል፤ መኪናዋ ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ገበያ ስትጓዝ እንደነበር ይነገራል። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም፤ የአደጋው መንስኤ በመጣራት ላይ ነው ይላል። ጽፌ እዘጋዋለሁ፣ ወደ ሌላ ዜና እሄዳለሁ።

አሁን አልሄድም። መኪናው ከማን እንደተገዛ ጠይቄ ሻጩን ፈልጌ እሄዳለሁ፤ ሻጩ ካልሆነ መካኒኩን። በራቸውን ሳንኳኳ ምን እንደምጠይቃቸው ያውቃሉ። መንስኤው ገና በሚጣራበት ሰዓት፣ የሆነ ቤት ውስጥ የሚያውቀው ሰው ዝም ብሎ ተቀምጧል። እንዴት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ።